እያጠረች የሄደችው ልብስ ሰፊ

እህቴ ሜትር አትይዝም ነበር። ሌሎቹ ልብስ ሰፊዎች ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ደንበኛውን «እጅ ወደ ላይ፣ ዙር፣ ቀጥ በል» እያሉ ፍዳውን ሲያሳዩት፣ እሷ «እስቲ ፊት ለፊቴ ቁሚ» ትልና ከእግር እስከ ራስ አንዴ ታያለች። በቃ። ከዚያ ጨርቁን ዘርግታ ትቆርጣለች። ልብሱ ተሰፍቶ ሲለበስ ልክክ ይላል። ሰፈሩ በሙሉ «ዓይነ ሜትር» የሚላት ለዚህ ነው፤ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ከእኔ ሌላ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እኔ ታናሿ ነኝ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እጠልፋለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ ደንበኛ ሲያስቸግር እቆጣለሁ። በተለይ የመጨረሻው ሥራ ይዋጣልኛል። ሱቃችን መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በር ላይ የእሷ የስፌት መኪና፣ መሀል ላይ መቁረጫው ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የእኔ መተኮሻና አንድ በርጩማ። ከኋላ በመጋረጃ የተከለለ ልብስ መሞከሪያ አለ፣ ትልቅ መስታወት ያለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እስክትጠልቅ ድረስ ያቺን በርጩማ ታሞቃታለች።

አንድ ቀን የዓይኗን ምስጢር ጠየቅኳት። «ሰውን የምለካው በራሴ ነው» አለችኝ። «ትከሻዋ ትከሻዬን ይደርሳል ወይ? ወገቧ ከወገቤ ስንት ጣት ዝቅ ይላል? የራሴን ልክ አውቀዋለሁ፤ የሌላው ከዚያ ላይ መቀነስና መጨመር ነው።» ረጅም፣ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች። እኔ ከጆሮዋ አላልፍም ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ሚጡ እንላታለን። ወሬ የምትወድ፣ ጥርሷ ወልቆ ቃላት በክፍተቱ እያፏጩ የሚወጡባት፣ ደንበኛ ሁሉ «ይቺ የማን ናት?» እያለ ጉንጯን የሚቆነጥራት ልጅ ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሞላት ትኩሳት ያዛት። እናቷ የሙሽራ ልብስ ልታደርስ ሌላ ከተማ ሄዳለች። ጠዋት «አክስቴ፣ ራሴን አመመኝ» ያለችኝ ልጅ የማታውን ፀሐይ አላየችም። ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር እህቴ እስክትደርስ መጠበቅ አልቻልንም፤ ቀበርናት። ጭቃ በጭቃ ሆና ከመኪና ስትወርድ ሁላችንም እንዴት እንደምንነግራት ጨንቆን ቆመናል። ፊታችንን ስታይ ገባት። አልጮኸችም። እኔን ብቻ አየችና «ምን አለበስሻት?» አለችኝ።

«ቢጫዋን።»

«አጥሯት ነበር እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ባሏ ግንበኛ ነበር። ሐዘኑን አልቻለውም፤ ለሥራ እንደወጣ እዚያው ቀረ። አልፈርድበትም፣ ግን አልወደውም። እህቴና እኔ አንድ ቤት ገባን።

ከዓመት በኋላ አካባቢ ነው ነገሩ የጀመረው። መጀመሪያ ድካም። ከዚያ ውሃ ጥም፤ ጀሪካን አጠገቧ ካላስቀመጠች መኪናው ላይ አትቀመጥም። ከዚያ ጎኗን ይወጋታል፤ የኩላሊት ጠጠር ነው ተባለና መድኃኒት ተሰጣት። ወገቧ ያማታል፣ ጉልበቷ ያማታል፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ምግብ አታሰኛትም። የነገሯትን ትረሳለች። ያለ ምክንያት ሆድ ይብሳትና መቀሱን እንደያዘች እንባዋ ይወርዳል። ሰው ሁሉ «ሐዘን ነው» አለ። እኔም ሐዘን ነው አልኩ። ልጇ የሞተባት ሴት ብታለቅስ ማን ሐኪም ቤት ይወስዳታል?

በየዓመቱ፣ ሚጡ የተወለደችበት ወር ሲመጣ፣ ደንበኛ ያላዘዘው አንድ ቀሚስ ትሰፋለች። በየዓመቱ አንድ ቁጥር ከፍ ይላል። ትሰቅለዋለች። አንዷ መጥታ «ይሄ ስንት ነው?» ካለች «የሰው ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ ሐዘንተኛ የፈለገችውን ትስፋ ብዬ ነገሬ አላልኩትም።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ። እህቴ ከመኪናው ቀና አለች።

«እስቲ ተነሺላት» አለችኝ።

«ለማን?»

«ቆማ ቀረች እኮ። ደክሟታል።»

ዞር ብዬ አየሁ። በር ላይ ሰው የለም። ሙታን አያስፈሩኝም፤ የማልታገሰው ሕያዋኑን ነው። እንደዚያም ሆኖ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ መርፌዬን ይዤ ብድግ አልኩ። እህቴ ወደ በርጩማዋ ፈገግ አለች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ዓመታት ተቆጥረዋል። ፀሐይዋ ባዶዋን በርጩማ ታሞቃለች፣ እኔ ደግሞ ቆሜ ቁልፍ እተክላለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሚጡ ትመላለስ ጀመር። ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ። ሁልጊዜ ያቺው በርጩማ ላይ። አትናገርም፤ ታያለች ብቻ። የሚገርመው፣ የምትመጣው የሰባት ዓመቷ ልጅ አይደለችም ትለኛለች። «አድጋለች» ትላለች እህቴ። «ዘንድሮ ደረቴ ላይ ደርሳለች።» በዓመቱ፦ «ትከሻዬን አልፋለች።» ለጎረቤት እንዳትናገር አስማልኳት። እኔ ራሴ ግን በዚያ ሰዓት በርጩማዋ ላይ መቀመጥ ተውኩ። ብታምኚ ነው አትበሉኝ፤ አላመንኩም። አልተቀመጥኩም ብቻ።

በዚህ መሀል ሥራው መበላሸት ጀመረ። ቀሚስ ሁሉ እየረዘመ ይመለስብን ጀመር። ባንክ የምትሠራው ልጅ ጉርዷን በእጇ ሰብስባ መጣች፤ ስትለቀው ወለሉን ይጠርጋል።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የእኔ አይደለም» አለቻት።

«ያንቺ ነው። ጫማሽን ለውጠሽ ነው» አለች እህቴ፣ ፍንክች ሳትል።

«በዚሁ ጫማ ነው የለኩኝ!»

«እንግዲያው አጥረሻል።»

እኔ ጣልቃ ገብቼ ልጅቷን ተቆጣሁ፤ ሥራዬ ነዋ። በሚቀጥለው ሳምንት መምህርቷ በዚያው ነገር መጣች። ከዚያ ነርሷ። እህቴ ተናደደች። «ይሄ ሰፈር ምን ነካው? ሰው ሁሉ ቁልቁል ያድጋል እንዴ?» አለች። የራሷም ቀሚስ መሬት ይነካ ነበር፤ «ጨርቁ ታጥቦ ለቀቀ» ትላለች።

የታየኝ መስታወት ስወለውል ነው። መሞከሪያው ውስጥ ገብታ ከኋላዬ ቆመች፣ መርፌ ፍለጋ። መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም አለን። የእኔ ራስ ከእሷ ራስ በላይ ነው። በሃምሳ ዓመቴ አድጌ ይሆን? ዞርኩና ጎን ለጎን አቆምኳት፣ ጫማችንን አስወልቄ። ክው አልኩ። ያቺ ቀጥ ያለች ሴት ጀርባዋ ጎብጦ፣ ወገቧ ወደ ሆዷ ገብቶ፣ ከእኔ በታች ሆናለች። በራሷ ገላ ሰውን የምትለካ ሴት፣ ሜትሯ እያጠረባት ሳታውቅ ከተማውን በሙሉ ረጅም ቀሚስ አልብሳዋለች።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ጎተትኳት። ደሟን ሲያዩት ካልሲየሙ ጣራ ነክቷል። የጀርባዋ አጥንቶች በፎቶ ሲታዩ እርስ በርሳቸው ተጨፍልቀዋል። ወደ አንዲት ቀዶ ሐኪም ላኩን። ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወረቀት ላይ አንገት ሣለችልን።

«እዚህ፣ ከእንቅርት ዕጢው ጀርባ፣ አራት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ምስር ነው የሚያክሉት» አለች። «ሥራቸው ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መጠበቅ ነው። የእርስዎ አንደኛው አብጧል። በቃኝ ማለት ጠፍቶበት ከአጥንትዎ እየቀዳ ደምዎ ውስጥ ይለቃል። ጠጠሩም፣ ድካሙም፣ ማጠርዎም፣ የስሜትዎ መረበሽም ከዚያ ነው። ቀዶ ማውጣት እንችላለን። ብዙው ሰው ይድናል። ለድምፅ የሚሄድ ነርቭ አጠገቡ ስላለ እንጠነቀቃለን፤ ያጠሩት ቁመት ግን አይመለስም።»

እህቴ ወረቀቱን ስታይ ቆየችና «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ይሄ ሲወጣ የማየውም ነገር አብሮ ይወጣል?»

«ምን ያያሉ?»

ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ስለ ሚጡ፣ ስለ በርጩማዋ፣ ሁሉንም። እህቴ በዓይኗ በላችኝ። ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልደነገጠችምም።

«ካልሲየም እንዲህ ሲበዛ አእምሮም ይታመማል» አለች ቀስ ብላ። «የሌለ ነገር ሊያሳይ ይችላል። ደሙ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ ይጠፋል። አይጠፋም ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።»

«እንግዲያው አይወጣም» አለች እህቴ፤ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች።

መንገድ ላይ ተጣላን። እንዲያ ተጣልተን አናውቅም። «አጥንቴ ይለቅ» አለች። «እሷን ሁለተኛ አልሰጥም።» እኔ ደግሞ ሰው እየሰማ እንደ እብድ ጮህኩ፦ «ልጅሽን በእጄ ቀብሬያለሁ፣ አንቺንም ልቅበርሽ? እኔ ሕያዋ አልታይሽም?» ፊቷን አዞረች። አጥንቷ በተሟጠጠ ቁጥር ልጅቷ ታድጋለች፤ እህቴ እያወቀች ገላዋን ልትመግባት ነው። ቂም የያዝኩት በማን ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ፦ በዚያች ሕፃን ላይ። አቅፌ ያሳደግኳትን፣ ሬሳዋን ሳይቀር የታቀፍኩትን ልጅ፣ «ልቀቂያት» እያልኩ በልቤ እሰድባት ጀመር።

ለወራት ወይ ፍንክች። ያሸነፋት እጇ ነው። ወፍራም ጨርቅ ስትቆርጥ፣ መቀሱን ጠበቅ ከማድረግ ሌላ ምንም ሳታደርግ፣ ቀኝ አንጓዋ ቀጭ አለ። ተሰበረ። በጀሶ ታስራ መጣችና የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠች። በርጩማዋ ላይ ማን እንደነበረ እሷ ታውቃለች። ስታያት ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ዘንድሮ ያለ ልብስ ልትቀር ነው» አለችኝ። «በዚህ እጅ ምን እሰፋላታለሁ? ውሰጂኝ በቃ። ቶሎ እመለሳለሁ።»

እንግዲህ እዩት። ልጇን ለማልበስ ብላ ልጇን ወደሚወስድባት ቢላዋ ሄደች። «ሊጠፋ ይችላል» የተባለውን ሰምታለች፤ አላመነችውም። ሆስፒታል በገባችበት ቀን ሱቁን የቆለፍኩት እኔ ነኝ። እሷ ወደ ውስጥ እንኳ ዞር ብላ አላየችም፤ ገበያ ደርሳ እንደምትመለስ ሴት።

ቀዶ ሕክምናው ጥሩ ሄደ። ሐኪሟ ወጥታ «አግኝተነዋል፣ ባቄላ ያክል ነበር፤ ሦስቱ ጤነኛ ይመስላሉ፣ አልነካናቸውም» አለችኝ። እህቴ ስትነቃ አንገቷ ላይ በሸሚዝ ኮሌታ የሚሸፈን ቀጭን መስመር አለ። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ነበር፣ በኋላ ተመለሰ። ከባዱ የመጣው በማግስቱ ነው፤ ከንፈሯን ውርር አደረጋት፣ ጣቶቿ ተኮማተሩ፣ መርፌ እንደያዙ ሆነው ደረቁ። ጮኼ ነርስ ጠራሁ። «አጥንቶቿ ተርበው ነው» አሉኝ፤ የተወሰደባቸውን ካልሲየም ከደሟ መልሰው እየጠጡት ነው። በክንዷ ካልሲየም ተሰጣት፣ ጣቶቿ ቀስ ብለው ተፈቱ። እኔ ሳለቅስ አይታ «አንቺ ደግሞ፣ የእኔን እንባ ወረስሽ» አለችኝ። ያን ጊዜ እንደዳነች አወቅኩ። ቀልድ ትታ ነበራ።

ሱቅ በተመለሰች ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሯን ወደ በርጩማዋ አዙራ ተቀመጠች። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገባች። ፀሐይዋ ከበርጩማዋ ላይ ለቀቀች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ወንበሯን ወደ መኪናዋ መለሰችው።

ሰው «አማረብሽ» ይላታል። አምሮባታልም። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ገበያ በእግሯ ትሄዳለች፣ ጎኗን አያማትም። እኔ ደስ ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ? ሲበዛ ደስ ብሎኛል። ሜትርም ገዛች፤ አዲሱን ቁመቷን አላምነውም አለች። የሚጡ ወር ሲመጣ እንደ ልማዷ ጨርቅ ዘረጋች፣ ጨርቅ ላይ የምታሰምርበትን ሳሙና አነሳች፣ ከዚያ ቆመች።

«ልኳን አላውቀውም» አለችኝ።

ጨርቁን አጥፋ መልሳ አስቀመጠችው። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራችም። ማምሻውን ሻይ ስንጠጣ «ጤና እንዲህ ጭር ያለ ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም» አለች። አንድ ነገር ግን እኔም አልነገርኳትም፦ በርጩማዋ ላይ አሁንም አልቀመጥም ነበር። ቆሜ ነበር ቁልፍ የምተክለው። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ፣ ስተኩስ፣ ከኋላዬ ሰው የተቀመጠ እየመሰለኝ አንገቴ ይቀዘቅዝ ነበር። ካልሲየሜን አስመረመርኩ። ደህና ነው አሉኝ።

እንዲህ ሆነን ዓመታት ሄዱ። ባለፈው ወር፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች፣ እኔ እጅጌ እተኩሳለሁ፣ ቀና እንኳ ሳትል «መጥታለች» አለችኝ።

ማን ብዬ አልጠየቅኩም። ካውያውን አቆምኩት፤ ብተወው ልብሱን አቃጥለው ነበር። እህቴ አላለቀሰችም። ፊቷ በርቷል።

«ስንት አክላለች?» አልኳት። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

«ቀና ብዬ ነው የማያት» አለች። «በልጣኛለች። ሴት ሆናለች፣ አንቺ።»

እንደገና ልጣላ ተዘጋጅቼ ነበር። ቃሉም ምላሴ ላይ ነበር። እሷ ግን ቀደመችኝ፤ «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ» አለች። ሄድን። ደሟ ውስጥ ካልሲየሙ ዳግም ወጥቷል። ሐኪሟ አሁን መነጽር አድርጋለች፤ «ከቀሩት ሦስቱ አንዱ አብጧል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፣ ግን ያጋጥማል» አለች። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው እንደሚከብድ፣ ጠባሳው መንገዱን እንደሚያስቸግር፣ ያም ሆኖ እንደሚቻል ነገረችን። እህቴ እንደበፊቱ ስለምታየው ነገር አልጠየቀችም። «መቼ ልግባ?» ብቻ አለች። ለሰኞ ተቀጠረች።

ግራ ገባኝ። ቤት ስንደርስ «ያን ጊዜ እንዲያ ስትጨቃጨቂኝ፣ አሁን እንዴት እሺ አልሽ?» አልኳት።

«አጥንቴን መብላቷን አታውቅም» አለችኝ። «ብታውቅ አትመጣም ነበር፤ ልጄን አውቃታለሁ። እኔም ልሞትባት አልፈልግም፣ አንቺንም ብቻሽን ልተውሽ አልፈልግም። ግን ስሚኝ እህት ዓለም። ስትሞት አልነበርኩም። ባለፈውም እመለሳለሁ ብዬ ዝም ብያት ወጣሁ። ሁለቴ ሳልሰናበታት ነው የተለየኋት። አርብ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለእኛ ተዪልን።»

እሺ አልኳት።

አርብ ለት ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመስኮቱ እንደገባች ካውያዬን ነቀልኩ፣ ወጣሁ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፅዋ ይሰማኛል። ቃሉ አይለይም። ትናገራለች፣ ዝም ትላለች። ዝምታው ባዶ ዝምታ አይደለም፤ የሚመልስላት ሰው እንዳለ ሰው ነው ጠብቃ የምትቀጥለው። አንዴ ሳቀች። አንዴ ደግሞ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። ልግባ ብዬ ተነሳሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ሚጡዬን በልቤ ይቅር በይኝ አልኳት። አክስትሽ ምላሷ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም፣ ታውቂያለሽ አልኳት።

አንዲት ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ወጣት ጨርቅ ታቅፋ መጣች። ለመግባት እጇን ወደ በሩ ስትዘረጋ ተነስቼ ቆምኩባት።

«እትዬ፣ ልብስ ሰፊዋ የሉም?»

«አለች። ሰው ይዛለች። ነገ ተመለሺ።»

ልጅቷ ገርበብ ባለው በር የእህቴን ድምፅ ሰማች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ። «ከማን ጋር ናቸው? ይቆያሉ?»

«ከልጇ ጋር ናት» አልኳት። «ሩቅ ልትሄድባት ነውና፣ ይቆያሉ።»